«ካመመዎት ይመለሱ»



ልደታ ደርሼ የጥቁር አንበሳን ሕንፃ ሳይ ዛሬም ሆዴ ይንቦጫቦጫል። የራውንድ ፍርሃት ለካ አይለቅም!

ልነግራችሁ የመጣሁት ስለ አንድ አባት ነው። ሌላ ቦታ ስሠራ የዳሌ መገጣጠሚያቸው በሰው ሰራሽ ተቀየረላቸው። ወደ አገራቸው ስሸኛቸው «ካመመዎት ይመለሱ» አልኳቸው። አላመማቸውም፤ አልተመለሱም። ከዓመታት በኋላ እያነከሱ መጡ። ራጁን ብርሃን ላይ ሳደርገው ተከላውን የያዘው አጥንት ተበልቷል። ስህተቱ የእኔ ምክር ነበር።

ነገሩን ታውቁታላችሁ፤ ግን ይረሳል። በእያንዳንዱ እርምጃ ከፕላስቲኩ ከማይክሮን ያነሰ ብናኝ ይፋቃል። ማክሮፌጅ ይውጠዋል፣ መፍጨት ግን አይችልም። ይቆጣል፤ በሚለቃቸው ኬሚካሎች አጥንት በሊታዎቹን ኦስቲዮክላስቶች ያስነሳል። ይህ ሁሉ ሲሆን ታካሚው ምንም ላይሰማው ይችላል። ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ተከላው ከላላ በኋላ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ቻርንሊ መጀመሪያ የሞከረው ቴፍሎን ቶሎ ስላለቀበት ነው በ1962 እ.ኤ.አ. ወደ ፖሊኢትሊን የዞረው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የመጣው የተጠናከረው ፖሊኢትሊን ፍቅፋቂውን በጣም ቀንሶታል፤ ጨርሶ ግን አላጠፋውም።

አሁን ተስፋ የተጣለው በናኖ ላይ ነው። ቲታኒየሙ ላይ የናኖ ቱቦዎች ይሠራሉ፤ የአጥንት ሴል ጥሩ አድርጎ እንዲይዛቸው፣ ውስጣቸውም መድኃኒት እንዲሞላ። የሴሪየም ኦክሳይድ ቅንጣት ደግሞ የማክሮፌጁን ቁጣ እንዲያበርድ እየተሞከረ ነው። ያስቃል እኮ፤ አጥፊውም ብናኝ፣ አዳኙም ብናኝ! ሽፋኑ ራሱ ቢላጥስ? አብዛኛው ሥራ ገና በላቦራቶሪና በእንስሳት ላይ ስለሆነ፣ ነገ ይደርሳል ብዬ አላታልላችሁም።

እኔ ግን በጉጉት እከታተለዋለሁ። በየጊዜው ራጅ የሚነሳን ሰው ሐኪሙ ይጠብቀዋል። ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዞ ለሚመጣው ግን ተከላው ራሱ አጥንቱን ቢጠብቅለት ምን ነበረበት?

እኚያ አባት እንደገና ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው አሁን ይሄዳሉ። በቀጠሯቸው ሲመጡ ገና ከበሩ «ዶክተር፣ አላመመኝም፤ ግን መጣሁ» ይሉኛል።

ክፍለ ሀገር ያላችሁ ጓደኞቼ፣ ዳሌው ላይ የቆየ የቀዶ ሕክምና ጠባሳ ያለው ሰው ለሌላ በሽታ እንኳ ቢመጣባችሁ፣ መቼ እንደተሠራና ምን ዓይነት ተከላ እንደገባለት ጠይቃችሁ ካርዱ ላይ ጻፉልኝ። ራጅም እዘዙለት። «አያመኝም» ቢላችሁም።