እድራችንና በቤቱ የተኛ በሽተኛ
(ለጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



እኛ የጤና ጉዳይ ኮሚቴ አባሎች ዛሬ እንድንናገር የታዘዝነው ከሐኪም ቤት ወጥቶ በቤቱ የተኛ በሽተኛ በምን ዓይነት መሣሪያ ሊረዳ እንደሚችል፣ ከመሣሪያዎቹም እድሩ የትኞቹን ቢገዛ እንደሚሻል ለጉባኤው እንድናስረዳ ነው።

እንደሚታወቀው እድራችን በዕቃ ቤቱ ድንኳን አለው፤ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ሳህንና ብርጭቆ አለው። አንድ ቤት ብቻውን ሊገዛው የማይችለውን ሁላችን አዋጥተን ገዝተን በየተራ እንገለገልበታለን። ጥሩምባው የሚነፋው ግን ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ያው ሰው ወሩን ሙሉ፣ አንዳንዴም ዓመቱን ሙሉ ታሞ ሲተኛ ዕቃ ቤታችን ለእርሱ የሚያወጣው ነገር የለውም። ታዲያ ይህ ተገቢ ነው እንዴ?

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1990ዎቹ ዓመታት ኤድስ ብዙ ቤት በጎዳበት ጊዜ በአዲስ አበባ ያሉ ብዙ እድሮች ከቀብር አልፈው በሽተኛን በቤቱ መርዳት ጀምረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው ሆስፒስ ኢትዮጵያም በጽኑ የታመሙትን በቤታቸው እየጎበኘ ሥቃያቸውን ሲያስታግስ ቆይቷል። እንግዲህ መንገዱ የተጠረገ ነው ማለት ነው። አሁን ወደ መሣሪያዎቹ እንለፍ።

በመጀመሪያ የደም ግፊት መለኪያውን እንይ። በክንድ ላይ የሚጠመጠመውን መለኪያ ጣሊያናዊው ሐኪም ሪቫ ሮቺ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1896፣ ማለትም የአድዋ ድል በተገኘበት ዓመት ነው። በ1905 ደግሞ ሩሲያዊው ሐኪም ኮሮትኮቭ የደሙን ድምፅ በጆሮ እያዳመጡ መለካትን አሳየ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን መለኪያው የሠለጠነ ጆሮ ይፈልግ ስለነበር ከሐኪም እጅ አልወጣም። ዛሬ ግን በባትሪ የሚሠራው መሣሪያ ራሱ ነፍቶ፣ ራሱ አንብቦ ቁጥሩን ያሳያል። ማንበብ የቻለ የቤት ልጅ ሁሉ ሊሠራበት ይችላል።

ቁጥሩ እውነተኛ እንዲሆን ግን ሥርዓት አለው። በሽተኛው ቡና ከጠጣ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይለፈው። ጀርባውን አስደግፎ፣ እግሩን ሳያጣምር 5 ደቂቃ ዝም ብሎ ይቀመጥ። ክንዱ በልቡ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። መጠምጠሚያው በጋቢ ወይም በሹራብ ላይ ሳይሆን በራቁት ክንድ ላይ ይታሰር። በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ተለክቶ ሁለቱም ይጻፍ። በቤት የተለካው አማካይ 135 በ85 ከሆነ ወይም ከዚያ ካለፈ ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል። 180 በ120 ከደረሰና የደረት ሕመም፣ የአንድ ወገን መዛል ወይም የአንደበት መታሰር ከታየ ግን መጻፉም ይቅር፤ በሽተኛው ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ደግሞም ቁጥሩ ወረደ ተብሎ መድኃኒት አይቋረጥም። የወረደው እኮ መድኃኒቱ ስለሠራ ነው።

ሁለተኛው የስኳር መለኪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ሪቻርድ በርንስታይን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ የስኳር በሽተኛ ነበር። በዚያን ጊዜ መለኪያው የሚሸጠው ለሐኪሞችና ለሆስፒታሎች ብቻ ስለነበር ሐኪም በሆነችው ባለቤቱ ስም አስገዝቶ በቤቱ ደሙን በየቀኑ መለካት ጀመረ። የምግቡንና የኢንሱሊኑን መጠን በዚያ እያስተካከለ ጤናውን መለሰ፤ በኋላም ራሱ ሐኪም ሆነ። ዛሬ በየፋርማሲው የምናየው ትንሽ መለኪያ በሽተኛው ራሱን እንዲጠብቅ በር የከፈተ ነው።

ቁጥሩ ከ70 በታች ከወረደና በሽተኛው ነፍሱን የሚያውቅ ከሆነ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መስጠት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላም እንደገና መለካት ነው። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አይሰጥ፤ ያንቀዋልና። ኢንሱሊን ያልተከፈተ እንደሆነ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚሆን ቅዝቃዜ ይቀመጣል። በረዶ ከያዘው ተበላሽቷል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት እርጥብ የሸክላ ዕቃ ሙቀቱን እንደሚቀንስለት ተረጋግጧል። እናቶቻችን በእንስራ ውኃ ሲያቀዘቅዙ የኖሩት በዚሁ ዘዴ ነው።

ሦስተኛው በጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጂን መለኪያ ነው። መሠረቱን እ.ኤ.አ. በ1974 የጣለው ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩዎ አዮያጊ ነው። አብዛኞቻችን ስሙን የሰማነው በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ከገባ ወዲህ ነው። ያን ጊዜ ቁጭ ብለው እየተጫወቱ ኦክስጂናቸው የወረደባቸው በሽተኞች ታይተዋል፤ ይህን ደግሞ ዓይን ሊያይ አይችልም።

ስለዚህ መሣሪያ ለእኛ አገር ሰው የሚሆኑ ሦስት ማሳሰቢያዎች አሉ። አንደኛ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የማያንስ ከፍታ ላይ ናትና የጤነኛ ሰው ቁጥር በቆላ ካለው ዝቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ በሽተኛው ደኅና በሆነበት ቀን ነርስ ለክታ የእርሱን ቁጥር ትጻፍለት። ሁለተኛ፣ የጥፍር ቀለም፣ እንሶስላና የቀዘቀዘ ጣት መለኪያውን ያሳስቱታል። ሦስተኛ፣ መሣሪያው በጥቁር ቆዳ ላይ አንዳንድ ጊዜ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ እንደሚያነብ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት አሳይቷል። በመሆኑም ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ትንፋሹ ካጠረ ትንፋሹን እንመን። ከ90 በታች ካነበበ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ነው።

አራተኛው ኦክስጂን የሚያዘጋጀው መሣሪያ ነው። ይህ ኦክስጂን አጠራቅሞ የሚያስቀምጥ አይደለም። ከክፍሉ አየር ናይትሮጅኑን አጣርቶ ያስቀርና የቀረውን በቱቦ ይሰጣል። ተራው አየር 21 በመቶ ኦክስጂን ሲኖረው ከመሣሪያው የሚወጣው 90 በመቶ ያህል ይሆናል። መብራት ከጠፋ ግን ያው እዚያው ይቆማል። ከአባሎቻችን መካከል በአንደኛዋ ቤት ይህ በሌሊት ደርሷል። ልጆቿ ጎረቤት አንኳኩተው፣ መኪና ያለው ተነሥቶ፣ በጊዜ ደርሰው ተርፋለች። ያን ሌሊት ያዳናት ጉርብትና ነው። ጉርብትና ግን ከመሣሪያው ጋር አስቀድሞ ቢታቀድ ይሻላል። መጠባበቂያ ሲሊንደር የት እንዳለ፣ የማን መኪና እንደሚጠራ በወረቀት ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

ሌላው ብርቱ ነገር እሳት ነው። ኦክስጂን ባለበት ክፍል ከሰል፣ ሻማ፣ ጧፍ፣ ሲጋራ፣ እጣንም ጭምር ክልክል ነው። ጠያቂ መጣ ተብሎ በበሽተኛው አልጋ አጠገብ ቡና ማፍላት ፍቅር ቢሆንም አደጋ ነውና ቡናው በሌላ ክፍል ይፈላ። መጠኑን የሚወስነው ሐኪም ነው። የቆየ የሳንባ በሽታ ላለበት ሰው የበዛ ኦክስጂን ሊጎዳው ስለሚችል ቁልፉን ማንም ከፍ አያድርገው።

በመጨረሻ ሁላችን በእጃችን ያለውን ስልክ አንርሳ። ቁጥሩ ከቀንና ከሰዓት ጋር በደብተር ተጽፎ በስልክ ለነርስ ቢነበብ፣ ቁስሉም ፎቶግራፍ ተነሥቶ ቢላክ፣ መነሣት የማይችል ሰው ከብዙ እንግልት ይድናል። ፎቶግራፉ ግን በሽተኛው ፈቅዶ ለሐኪሙ ብቻ የሚላክ ነው። የሰው ገመና በእድር ስብሰባ አይወራም።

እንግዲህ ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። የደም ግፊት መለኪያ፣ የጣት መለኪያና ተሽከርካሪ ወንበር እየተጠረጉ ከቤት ወደ ቤት ሊዞሩ ይችላሉና እንደ ድንኳኑ የጋራ ይሁኑ። የስኳር መለኪያ ግን የጋራ መሆን የለበትም። መውጊያው ደም የነካው ስለሆነ የጉበት በሽታን ከሰው ወደ ሰው ያጋባል፤ ስለዚህ ለተቸገረ አባል ለራሱ ብቻ ይገዛለት። የኦክስጂኑን መሣሪያ በተመለከተ ጠጋኝና መለዋወጫ ሳይገኝለት እድሩ ባይገዛው እንመርጣለን። ለጊዜው ባለው ቤት መብራት ሲጠፋ የሚደርስ የጎረቤት ተረኛ ይመደብ።

አንዳንድ አባሎች የቀብሩ ገንዘብ ይጎድላል ብለው ይሠጋሉ። ሥጋታቸው ተገቢ ነው፤ ለዚህ የተዋጣ ገንዘብ ነውና። ስለዚህ የቀብሩ ሒሳብ ሳይነካ ይህ በተለየ መዝገብ፣ በተለየ መዋጮ እንዲያዝ እንጠይቃለን። መሣሪያው በፊርማ ይውጣ፤ በፊርማ ይመለስ። ድስቱ ሲጎድል እንደምንጠይቅ ሁሉ ይህም ይጠየቅበት።

አበው «ሳይርቅ በቅርብ፣ ሳይደርቅ በእርጥብ» ይላሉ። ስንሞት የሚሸከመን ሰው እንደማናጣ እድራችን እስከ ዛሬ አረጋግጦልናል። ታመን ስንተኛም በራችንን የሚያንኳኳ እንዳናጣ ውሳኔው የጉባኤው ነው። የቀረበው ሐሳብ በድምፅ እንዲታይልን በአክብሮት እናመለክታለን።