ጎሚኒው ዝም ሲል ጭነቱ ቀለለ ማለት ነው?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለሹፌሮች፣ ለመጋዘን ሠራተኞችና ለመሠረታዊ ማኅበራት ተወካዮች የቀረበ ንግግር)



ማዳበሪያ ጭኖ ከአስፋልቱ ወደ ቀበሌ መንገድ የታጠፈ ፒክአፕ የሚያሰማው ድምፅ ለማናችሁም እንግዳ አይደለም። የኋላው ጎማ ቦይ ውስጥ ሲገባ ከሥር «ድው!» ይላል። ሹፌሩ ከንፈሩን ነክሶ ማርሽ ይቀንሳል፤ ጆንያው ላይ የተቀመጠው ሰው ደግሞ የሹፌሩን ዘር ማንዘር ያነሳል። ድምፁ የሚመጣው አንድ ጭብጥ ከምታህል ጎማ ነው። ፈረንጆቹ ባምፕ ስቶፕ ይሏታል፤ እዚህ ማቆሚያ ጎሚኒ ትባል። ባሌስትራው እስከ መጨረሻው ሲጨመቅ አክስሉ ሻንሲውን በብረቱ እንዳይመታ መሐል ገብታ የምትደበደበው እሷ ናት።

በገጠር ብዙ የሚታየውን የላንድክሩዘር ፒክአፕ እንውሰድ ቢባል፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ከወጣው ሞዴል ጀምሮ የፊቱ ሞላ ሲሆን የኋላው ግን ባሌስትራ እንደሆነ ቀርቷል። ጭነቱ ያለው ከኋላ በመሆኑ ብዙውን ዱላ የሚቀበለውም የኋላው ጎሚኒ ነው። ከፋብሪካ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ አጭርና ድርቅ ያለ ጎማ ነው፤ ይገታል፣ ግን በድንገት ይገታል።

ድንገተኛ መገታት ምን እንደሚያስከትል በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። በኋላው አክስል ላይ ያረፈው ክብደት 1,500 ኪሎ ግራም ነው እንበል። ይህ ክብደት ከ5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ የወደቀ ነገር በሚያገኘው ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ 1 ሜትር ገደማ፣ ወደ ታች ቢወርድና ጎሚኒዎቹ ብቻ በ1 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቢያቆሙት፣ እያንዳንዱ ጎን በአማካይ ወደ 3.8 ቶን የሚጠጋ ምት ይቀበላል። ያው ጉልበት በ4 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቀስ ብሎ ቢገታ ግን ምቱ ከ1 ቶን በታች ይወርዳል። ሻንሲ የሚሰነጠቀው፣ የባሌስትራ ቅጠል የሚሰበረው በዚህ ልዩነት ነው። ፍጥነትም የራሱ ድርሻ አለው፤ ያንኑ ጉድጓድ በ20 ፋንታ በ30 ኪሎ ሜትር ቢያልፉት የምቱ ጉልበት ከእጥፍ በላይ ያድጋል።

የተሻሻሉት ጎሚኒዎች የተሠሩት ለዚህ ነው። ውስጣቸው ክፍት የሆነ የጎማ ዓይነቶች አሉ። እንደ ስፖንጅ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳ ካለው ፖሊዩሬታን የተሠሩትም አሉ፤ እነዚህ ከቁመታቸው ከግማሽ በላይ ተጨምቀው ይመለሳሉ፣ ወደ ጎንም ብዙ አይለጠጡም። ሦስተኛው ዓይነት በዘይትና በናይትሮጅን ጋዝ የሚሠራው ነው። በሜክሲኮ ባሃ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ እንደሚካሄደው ባለ የበረሃ ውድድር ለሚሮጡ መኪናዎች ይገጠማል። ለማዳበሪያ ማመላለሻ ግን ቅንጦት ነው፤ ዋጋውም ጥገናውም ውድ ነው።

ሻጩ ሁሉንም ያመሰግናል። ስለዚህ ከሻጭ አፍ ይልቅ መለኪያውን ማመን ይሻላል፤ ፍተሻው ደግሞ ሜትር፣ ጭቃና ትዕግሥት እንጂ ሌላ ወጪ የለውም።

አሮጌው ሳይፈታ መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ይቁምና ከጎሚኒው ጫፍ እስከ አክስሉ ያለው ክፍተት ባዶውንም ተጭኖም ይለካ። አዲሱ ከተገጠመ በኋላም እንዲሁ። አዲሱ በጣም ረጅም ከሆነ መኪናው ገና ቆሞ ሳለ ጎሚኒው ላይ ይቀመጣል፤ ያኔ ባሌስትራው ሥራ ፈት ሆኖ መኪናው እንደ ጋሪ ይንቀጠቀጣል። አጭር ከሆነ ደግሞ ከእሱ በፊት ሾክ አብዞርበሩ መጨረሻው ላይ ደርሶ ይመታና ይፈነዳል። ይህን ለማጣራት አንዱን የኋላ ጎማ ጉብታ ላይ በዝግታ አውጥቶ ከውጭ ማየት ነው፦ ጎሚኒው ነክቷል? ሾክ አብዞርበሩ ገና ቦታ አለው? የፍሬኑ ጎማ ቱቦ አልተወጠረም? ጎማው የጭነት ሳጥኑን አይነካም? ማንም ሰው ሥሩ እንዳይገባ።

ከዚያ መንገዱ ይመረጥ። 200 ሜትር ያህል የሆነ፣ ሹፌሩ በደንብ የሚያውቀው ኮረኮንች ይበቃል። አክስሉ ላይ፣ ጎሚኒው በሚያርፍበት ቦታ፣ ጠንከር ያለ የሸክላ ጭቃ እንደ ጉልላት ይለጠፍ። መኪናው አልፎ ሲመለስ የተረፈው የጭቃ ውፍረት አክስሉና ጎሚኒው ምን ያህል እንደተቀራረቡ ይናገራል። ጨርሶ የተጠፈጠፈ ከሆነ ተገናኝተዋል ማለት ነው። አንዳንዱ በጭቃው ፋንታ ግሪስ ይቀባል፤ ነገር ግን ግሪስና ናፍጣ የተፈጥሮ ጎማን ያብጡታል፣ ያላሉታልም። ከእጥበት በኋላ የመኪና ሥር በናፍጣ ማስረጨት የሚወዱ ሰዎች ጎሚኒያቸው ለምን ቶሎ እንደሚያልቅ ቢያስቡበት ጥሩ ነው።

መጀመሪያ በ15፣ ከዚያ በ20፣ ከዚያ በ25 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ፣ በአሮጌውም በአዲሱም ጎሚኒ መንዳት ያስፈልጋል። የጎማው ንፋስና የጆንያው ቁጥር መለወጥ የለበትም። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ ጎሚኒ ሲቀይር ሾክ አብዞርበርም ይቀይራል፣ ንፋስም ይቀንሳል፣ በኋላ «ጎሚኒው ተአምር ሠራ» ይላል። የትኛው እንደሠራ በምን ያውቃል?

አሁን ዋናው ነገር። አዲሱ ጎሚኒ ጥሩ ከሆነ «ድው!» የሚለው ድምፅ ይጠፋል። ሹፌሩ ደስ ይለዋል፤ መጋዘን ያለውም ሰው «ይኼ መኪና እኮ ገና ይችላል» ብሎ 20 ጆንያ በነበረበት 28 ይጭናል። ባለ 50 ኪሎው ጆንያ በመሆኑ 4 ኩንታል ተጨመረ ማለት ነው። ጎሚኒው ግን ምቱን አለዘበው እንጂ ክብደቱን አልተሸከመለትም። ያ 4 ኩንታል በጎማው፣ በአክስሉ ቦሎኒ፣ በፍሬኑና በሻንሲው ላይ ነው ያረፈው። የኋላው ሲጎብጥ የፊቱ ይቀልና መሪው ቁልቁለት ላይ አልታዘዝ ይላል። ድሮ ሹፌሩን «ቀስ በል» ይለው የነበረው ድምፅም የለም። ከጆንያው ላይ ሰው ተሳፍሮ ከሆነ የሚሆነውን እናንተ ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ ከፍተሻው በኋላ ሁለት ቁጥሮች ከሹፌሩ መቀመጫ ፊት ለፊት ይጻፉ። አንደኛው ፋብሪካው የፈቀደው ጭነት ነው፤ ጎሚኒ በመቀየር አይለወጥም። ሁለተኛው በሙሉ ጭነት ቆሞ ሳለ በጎሚኒውና በአክስሉ መካከል የተለካው ክፍተት ነው። መጋዘን ላይ ጭነቱ ካለቀ በኋላ ሹፌሩ ጎንበስ ብሎ ይለካ፤ ክፍተቱ ከተጻፈው ካነሰ ጆንያ ይውረድ። የመጋዘኑ ሠራተኛ በዚህ ቢከራከር ሜትሩን ራሱ ይያዝ።

ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ብሎኖቹ እንደገና ይጥበቁ፣ ጎሚኒው የታሰረበት የሻንሲ ክፍል ታጥቦ ስንጥቅ እንዳለበት ይታይ፣ የጎሚኒውም ቁመት አዲስ ሳለ ከተመዘገበው ጋር ይተያይ። ተጨምቆ አጥሮ የቀረ ጎሚኒ ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ የሚያጋልጠው ሜትሩ ብቻ ነው።