ፈቃድ ያለው ሽጉጥ የት ድረስ ይያዛል?

  

ውድ አድማጮቻችን! የዛሬው ርዕሳችን በአሜሪካ፣ በተለይ በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ የሚኖሩ ወገኖቻችንን ይመለከታል። እስቲ አንድ ወንድም እናስብ። በቨርጂኒያ ትንሽ ሱቅ አለው። ማታ ገንዘብ ይዞ ስለሚወጣ ከአካባቢው ፍርድ ቤት የሽጉጥ መያዣ ፈቃድ አውጥቷል። እስካሁን ምንም ጥፋት የለበትም። ጁሙዓ ደረሰና ልጆቹን ጭኖ፣ ሽጉጡን እንደታጠቀ፣ የፖቶማክን ድልድይ ተሻግሮ ዲሲ ወደሚገኝ መስጂድ አመራ። ከድልድዩ ወዲህ ሕጋዊ የነበረው ሰው ከድልድዩ ወዲያ ሕግ ተላላፊ ሆነ!

ለምን ቢባል፣ ዲሲ የሌላ ግዛት ፈቃድ አትቀበልም። ሜሪላንድም እንዲሁ። በዲሲ ሽጉጥ መያዝ የሚችለው የከተማዋ ፖሊስ የሰጠው ፈቃድ ያለው ብቻ ነው። ያለዚያ ፈቃድ ይዞ የተገኘ ሰው እስከ 5 ዓመት እስራት ሊጠብቀው ይችላል። ዜግነት ያላገኘ ከሆነ ደግሞ በጦር መሣሪያ ጥፋት መቀጣት ከሀገር ለመባረርም ምክንያት ይሆናል። የብዙ ዓመት ልፋትና የቤተሰብ ኑሮ በአንድ ድልድይ ምክንያት ሊፈርስ ይችላል ማለት ነው።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 በሰጠው ውሳኔ ራስን ለመከላከል ከቤት ውጭ ሽጉጥ መያዝ በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ መብት መሆኑን አረጋግጧል። ይሁንና ይኸው ውሳኔ ትምህርት ቤትንና የመንግሥት ሕንፃን በመሳሰሉ ቦታዎች መከልከል እንደሚቻልም ገልጿል። ስለዚህ ፈቃድ በር ሁሉ የሚከፍት ቁልፍ አይደለም። የዲሲን ፈቃድ የያዘ ሰው እንኳ ወደ መንግሥት ሕንፃ፣ ወደ ትምህርት ቤትና ዩኒቨርሲቲ፣ ወደ ሆስፒታል ይዞ እንዳይገባ፣ በባቡርና በአውቶቡስም ይዞ እንዳይሳፈር የከተማዋ ሕግ ይከለክለዋል። በአውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ ከፍተሻው በር ማሳለፍ የትም ቦታ አይፈቀድም። ጥይቱ ወጥቶ፣ በጠንካራ ሣጥን ተቆልፎ፣ ለአየር መንገዱ ተነግሮ ከሻንጣ ጋር ብቻ ይጫናል።

መስጂድስ? የዲሲ ሕግ ቤተ ክርስቲያንን፣ ምኩራብንና መስጂድን በስም ጠቅሶ፣ ባለቤቶቹ በግልጽ ካልፈቀዱ በስተቀር ሽጉጥ ይዞ መግባት እንደተከለከለ ይቆጠራል ይላል። ፈቃዱ በሚታይ ማስታወቂያ ሊለጠፍ ወይም በቃል ሊነገር ይችላል። ስለዚህ ዝምታ ፈቃድ አይደለም።

«እኔ እኮ ሰጋጁን ልጠብቅ ብዬ ነው» የሚል ወንድም ይኖራል። ስጋቱን እንረዳለን። እ.ኤ.አ. በ2017 በካናዳ ኩቤክ 6፣ በ2019 በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች 51 ሙስሊሞች በመስጂድ በተፈጸመ ጥቃት ተገድለዋል። አላህ ይዘንላቸው። ነገር ግን ጥበቃ የጀመዓ ጉዳይ ነው። ከኮሚቴው ጋር ተመካክሮ፣ ከፖሊስ ጋር ተነጋግሮ፣ ኃላፊነቱ ለሚታወቅ ሰው ተሰጥቶ የሚሠራ ነው። ማን እንደታጠቀ ሳይታወቅ እያንዳንዱ በየልብሱ ሥር ይዞ ቢገባ፣ ጭንቅ በመጣ ጊዜ ወንድም ወንድሙን ጠላት መስሎት ቢመታውስ?

ውድ አድማጮች! ይህ ለዲናችን አዲስ ነገር አይደለም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቀስት ይዞ በመስጂድ ወይም በገበያ የሚያልፍ ሰው ሙስሊምን እንዳይጎዳ የቀስቱን ስለት በእጁ እንዲይዝ አዘዋል። ይህን ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሙሳ (ረ.ዐ) ዘግበውታል። ልብ እንበል! ቀስቱ የተፈቀደ ነው፣ ባለቤቱም ሰሐባ ነው። ሕዝብ በተሰበሰበበት ቦታ ግን ሌላ ሥርዓት ተበጀለት። ኢብኑ ዑመርም (ረ.ዐ) በሚና እግራቸውን ጦር በወጋቸው ጊዜ ሊጠይቃቸው የመጣውን ገዢ ሐጃጅን፣ መሣሪያ በማይያዝበት ቀን እንዲያዝ፣ ወደ ሐረምም እንዲገባ በመፍቀዱ ወቅሰውታል። ይህም በቡኻሪ ተዘግቧል።

አላህም (ሱ.ወ) በሱረቱል ማኢዳህ መጀመሪያ ምእመናን ቃል ኪዳናቸውን እንዲሞሉ አዟል። የምንኖርበትን ሀገር ሕግ አክብረን ለመኖር ቃል ገብተን ፈቃድ ከተቀበልን፣ ፈቃዱ ከነገደቡ አማና ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ከቤት ከመውጣታችን በፊት የምንደርስበትን ቦታ ሁሉ እናስብ። አንዱ የተከለከለ ከሆነ ሽጉጡ ቤት ተቆልፎበት ይቅር። «መኪና ውስጥ ትቼው እገባለሁ» ማለት ለሌባ ማመቻቸት ነው፤ ልጆች ካሉ ደግሞ የባሰ አደጋ አለው። ሁለተኛ፣ ከሚፈቀድበት ግዛት ተነስቶ ወደሚፈቀድበት ግዛት በሌላ በኩል የሚያልፍ ሰው ጥይቱን አውጥቶ፣ በኋላ የዕቃ መጫኛ ቆልፎ ይጓዝ። መኪናው የተለየ ዕቃ መጫኛ ከሌለው በተቆለፈ ሣጥን ያድርገው፤ የዳሽቦርድ መሳቢያ አይበቃም። ሦስተኛ፣ ሕግ ይሻሻላልና ከወዳጅ ወሬ ሳይሆን ከፖሊስ ወይም ከሕግ ባለሙያ እንጠይቅ። አራተኛ፣ እናንተ እናቶችና እህቶች! ለጁሙዓ ሲወጣ «ያንን ነገር ቤት አስቀመጥከው?» ብላችሁ አስታውሱት። ይህች ጥያቄ ቤት ታድናለች።

አላህ ቤቶቻችንንና መስጂዶቻችንን ይጠብቅልን፤ እጃችንንም ሰው ከመጉዳት ይጠብቅ። አሚን። ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።