የእንሽላሊት ኑሮ በነገሌ ቦረናና በደቡብ ቆላ ከተሞች



በነገሌ ቦረና፥ በያቤሎ፥ በሜጋና በሞያሌ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ በመንገድ ዳር እንሽላሊት ያዩ እንደ ሆነ ድንጋይ አንሥተው ይወረውሩበታል። ይህን የሚያደርጉት ከክፋት የተነሣ አይደለም፤ ይነድፋል፥ መርዝ አለው ሲባል ስለ ሰሙ ነው። ከዚያም ወደ ክፍል ገብተው ስለ እንስሳት ሲማሩ የሩቅ አገሩን አውሬ ከሥዕል ላይ ያጠናሉ። በደጁ ያለውን ፍጥረት በድንጋይ እየገደለ በወረቀት ላይ ያለውን የሚያጠና ልጅ ትምህርቱ ጎደሎ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማም የእንሽላሊትን አኗኗር ገልጾ ፍርሃትን በዕውቀት መለወጥ ነው።

ሊቃውንት በደንብ ከመረመሯቸው እንሽላሊቶች አንዱ የኤውሮፓው አረንጓዴ እንሽላሊት ነው። የኦስትሪያው ሊቅ ላውሬንቲ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1768 ዓ.ም. በመጽሐፍ ገልጾታል፤ ዛሬ የሚጠራበት ስም ላሴርታ ቪሪዲስ ነው፤ ቪሪዲስ ማለትም በላቲን ቋንቋ አረንጓዴ ማለት ነው። ከነጅራቱ እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ተባዕቱ በመራቢያው ወራት ጕሮሮው ሰማያዊ ይሆናል። የሚኖረው ፀሐይ በሚያገኘው በቍጥቋጦ ዳር ነው፤ ክረምቱ በበረደ ጊዜም ወደ ጕድጓድ ገብቶ ብዙ ወራት ሳይንቀሳቀስ ይቈያል።

ይህ አረንጓዴ እንሽላሊት በኢትዮጵያ አይገኝም፤ የወገኑ ዘመዶች ግን በደቡቡ ቆላ አሉ። አንደኛው ላታስቲያ ሎንጊካውዳታ የሚባለው ነው፤ ስሙም ባለ ረጅም ጅራት ማለት ነው፤ በእውነትም ጅራቱ ከቀረው ሰውነቱ እጥፍ ይበልጣል። ሁለተኛው በእንግሊዛዊው መንገደኛ በስፒክ ስም የተሰየመው ሄሊዮቦሉስ ስፔኪ ነው። እነዚህ ሁለቱ እንደ አገሩ ዐፈር ቡናማ መልክ ስላላቸው፥ ቆመው ሳሉ ዐይን ሳያያቸው ያልፋል። በድንጋይና በቤት ግድግዳ ላይ ወጥቶ ራሱን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ባለ ቀይ ራስ እንሽላሊት ግን የሌላ ወገን ነው። ልጆች ይሰድበናል ይላሉ፤ እርሱ ግን ይህን የሚያደርገው ሌላውን ወንድ ከቦታዬ ራቅ ለማለትና ለሴቲቱ ራሱን ለማሳየት ነው።

የእንሽላሊት ሁሉ ኑሮ በአንድ ሕግ ይመራል። ላም የበላችውን ሣር ወደ ሙቀት ለውጣ ሰውነቷን ታሞቃለች፤ እንሽላሊት ግን ሙቀቱን የሚቀበለው ከፀሐይ ነው። ስለዚህ ጧት ከጕድጓዱ ወጥቶ ጎኑን ለፀሐይ ሰጥቶ በድንጋይ ላይ ይተኛል፤ ሰውነቱ ሲሞቅለት ይፈጥናል፥ ያድናልም። ቀትር ሲሆንና መሬቱ ሲግል ወደ ግራር ጥላ፥ ወደ ኵይሳ ሥር ወይም ወደ ጕድጓድ ይሸሻል። የኤውሮፓው ከብርድ ይሸሸጋል፤ የቦረናው ከሐሩር ይሸሸጋል፤ ሕጉ ግን አንድ ነው። ሰውነቱን ለማሞቅ ምግብ ስለማያጠፋም ጥቂት ምግብ ይበቃዋል፤ ደረቅ በሆነ አገር መኖር የቻለውም ስለዚህ ነው።

ምግቡ ምስጥ፥ ፌንጣ፥ ጥንዚዛና ሸረሪት ነው። ቦረናዎች «ገና» በሚሉት ከመጋቢት እስከ ግንቦት በሚዘንበው ዝናብ፥ ደግሞም «ሀገያ» በሚሉት በመጸው ዝናብ ተባይ ሲበዛ እርሱም ይጠግባል። እንሽላሊት ብቻውን ምስጥን ፈጽሞ ያጠፋል ማለት ሐሰት ይሆናል፤ ነገር ግን ያለ ደመወዝ በየቀኑ ተባይ የሚለቅም አገልጋይ ነው። እርሱም በፈንታው ለጭልፊት፥ ለእባብና ለድመት ምግብ ይሆናል።

ጠላት በያዘው ጊዜ ጅራቱን ጥሎ ያመልጣል። የተቈረጠው ጅራት ሲንፈራገጥ ጠላቱ በዚያ ይታለላል። ሌላ ጅራት ይበቅልለታል፤ በውስጡ ግን እንደ ፊተኛው አጥንት ሳይሆን ልም አጥንት ነው። በጅራቱ ውስጥ ያከማቸውን ስብ ስለሚያጣ ይህ ማምለጫ ብርቱ ኪሣራ አለበት፤ ልጆች ለጨዋታ ጅራቱን ሲያስጥሉት የክፉ ቀን ስንቁን ይቀሙታል ማለት ነው።

እነዚህ እንሽላሊቶች መርዝ የላቸውም። ቢይዙት ይነክሳል፤ ንክሻው ግን ሰውን አይገድልም። ሆኖም ልጅ እጁን ወደ ጕድጓድ እንዳይሰድ አጥብቆ መከልከል ይገባል፤ እባብና ጊንጥ በዚያው ይኖራሉና። እንሽላሊት የነካም ሰው በሽታ እንዳያገኘው እጁን በሳሙና ይታጠብ።

ትምህርቱ በተግባር እንዲህ ሊሰጥ ይቻላል። መምህሩ በግቢው ማዕዘን ጥቂት ድንጋይ ያስከምር፤ በአጠገቡም አንድ ሁለት ቍጥቋጦ ይተው። ልጆቹ ዐሥር እርምጃ ያህል ርቀው ዝም ብለው ይቀመጡ፤ በስንት ሰዓት እንደ ወጣ፥ ምን እንደ በላ፥ ቀትር ሲሆን ወዴት እንደ ገባ በደብተራቸው ይጻፉ። ሽማግሌዎችም በቋንቋቸው የሚጠራበትን ስምና ከልጅነታቸው ጀምሮ ያዩትን ይንገሯቸው፤ ከብት ሲጠብቅ የኖረ ሰው በመጽሐፍ ያልተጻፈ ብዙ ነገር አይቷልና።

ሳይገድል ማየት የለመደ ልጅ ነገ የከብቱን በሽታ፥ የሣሩን መመናመንና የዝናቡን መለዋወጥ አስተውሎ የሚናገር ሰው ይሆናል። ዛሬ ከእጁ የሚወድቀው ድንጋይ የዚህ ዕውቀት መጀመሪያ ነው።