የብር ክብደት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባዔ ላይ የተደረገ ንግግር)



ብረትና ሲሚንቶ ሲቈጥር የሚውል ሰው ስለ ገንዘብ ልናገር ብሎ ሲነሣ «ምን አገባው?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ነጋዴ ዛሬ የገዛውን ነገ ይሸጣል፤ ሥራ ተቋራጭ ግን ዛሬ ዋጋ ሰጥቶ ዕቃውን የሚገዛው ከዓመት በኋላ ነው። የብር መውደቅ ከሁሉ አብልጦ የሚጎዳው ይህን ሰው ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ብዙ መራቅ አያሻም። ጣሊያኖች ወደ አዲስ ከተማ እስኪያዛውሩት ድረስ የከተማይቱ ዋና ገበያ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። በዚያ ገበያ የሚከበረው ገንዘብ 28 ግራም ያህል የሚመዝነው የማርያ ቴሬዛ ብር ሲሆን፣ መቼም ይቀረጽ መቼ የሚጻፍበት ዘመን በአውሮፓ አቈጣጠር 1780 ነው። ገበሬው ንግሥቲቱ ማን እንደ ነበረች መጠየቅ አላስፈለገውም፤ በትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ዕንቍዎች ቈጥሮ ይቀበል ነበር። ዋጋው ከብረቱ ውስጥ ነበርና። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በራሳቸው ምስል ብር አስቀረጹ፤ በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ተከፈተ፤ ሕዝቡ ግን ወረቀቱን ለማመን ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል። አልፈርድበትም።

ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ እንኳ ኀምሳ ሣንቲሙ ከብር ማዕድን የተሠራ ነበር። በእንግሊዝኛ «ዶላር» ይባል እንጂ እኛ «ብር» ከማለት አልተቈጠብንም፤ በ1969 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው ስም የእኛን ተከተለ።

በዚያው ዘመን ሀንጋሪ የምትባለው አገር የደረሰባትን መመልከት ይጠቅማል። በ1938 ዓ.ም. ክረምት የፔንጎ ዋጋ ከመውደቁ የተነሣ የዕቃ ዋጋ በ15 ሰዓት ገደማ በእጥፍ ይጨምር ነበር። በሐምሌ መጨረሻ ፎሪንት ሲተካው፣ ለአንድ ፎሪንት የተተመነው ፔንጎ 4 ቍጥር ከ29 ዜሮ ጋር ነበር። አዲሱን ገንዘብ ያጸናው የወረቀቱ ውበት አይደለም፤ በጦርነቱ ጊዜ ከአገር የወጣው የብሔራዊ ባንኩ ወርቅ መመለሱና መንግሥት ያለ ልክ ማተሙን መተዉ ነው።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ከ1965 እስከ 1985 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ07 ሣንቲም ይመነዘር ነበር። ብዙዎች ይህን እንደ ጥንካሬ ይቈጥሩታል። እኔ እንደ መሐንዲስ የማየው የግፊት መለኪያው መርፌ እንደ ተጣበቀ ነው፤ መርፌው ባይንቀሳቀስም በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ግን አልቆመም። በ1985 ዓ.ም. ምንዛሪው በአንድ ጊዜ 5 ብር ሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ደረሰ። ከዚያ ቀን በፊት በቍርጥ ዋጋ የተፈረመ ውል ምን እንደ ገጠመው ከእናንተ መካከል የሚነገረው የለም።

ሲሚንቶው ከአገር ይገኛል፤ የፋብሪካው መለዋወጫ ግን በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። አርማታ ብረቱ፣ የሊፍቱ ሞተር፣ የመኪናው ነዳጅ፣ ሁሉም ቡናችንንና ሌላውን ምርታችንን ሸጠን ካገኘነው ላይ የሚቀነስ ነው። እንግዲህ በድንጋይ ሊሠራ የሚችለውን ግንብ በልማድ ብቻ በአርማታ የሚነድፍ ባለሙያ፣ ሳያውቀው ከውጭ ምንዛሪ ሣጥን ይወስዳል። በአራዳ ዙሪያ ያሉትን የጥንት የድንጋይ ግንቦች የምወደው ለጌጣቸው አይደለም፤ ድንጋያቸው ከዚሁ አገር ስለ ተፈለጠ ነው።

ስለ ውል አጭር ሐሳብ አለኝ። የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ ከአንድ ጠቅላላ መጠን ይልቅ፣ ከውጭ የሚመጣውን ዕቃ፣ የአገር ውስጡን ዕቃና የሠራተኛውን ደመወዝ ለየብቻ መመዘን ይገባዋል። አሠሪው በምንዛሪው ያልተነካውን አብሮ እንዳይከፍል፣ ተቋራጩም የተነካውን ብቻውን እንዳይሸከም ነው። ረቂቁን ከዚህ ንግግር ጋር ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አስረክቤአለሁ፤ በተለይ የየሥራውን ዓይነት ድርሻ በሚያሳየው ሠንጠረዥ ላይ የእናንተን እርማት እጠብቃለሁ።