የዘሩ እናት የት ናት?

(ለማኅበረ ምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች ከተደረገ ንግግር)



ስለ ዘሪው ምሳሌ ብዙ ሰብከናል። ስለ መንገዱ ዳር፣ ስለ ጭንጫውና ስለ እሾሁ ተናግረናል፤ መሬቱን እንጂ ዘሩን ግን እምብዛም አልመረመርንም። በሰሜኑ ደጋ ባለው የችግኝ ጣቢያችን ያሳፈረን ይኸው ነው።

የጽድ ዘር ከገበያ ገዛን። ርካሽ ስለ ነበር ከየት እንደ መጣ አልጠየቅንም። በመደቡ ላይ ዘርተን ውሃ ብናጠጣም የበቀለው ጥቂት ነበር፤ እርሱም ወደ ተራራው ወጥቶ ከተተከለ በኋላ ውርጩን አልቻለም። ጥፋቱ የሻጩ ሳይሆን የእኛ ነበር።

ጽድ ወንድና ሴት ዛፍ አለው፤ ኮሶና ዝግባም እንዲሁ። በአካባቢዋ ወንድ የሌላት ሴት ጽድ ፍሬ ብታፈራ እንኳ ዘሩ ባዶ ነው። ስለዚህ አሁን ከመግዛታችንም ሆነ ከመዝራታችን በፊት ጥቂቱን ፍሬ በምላጭ ሰንጥቀን ውስጡን እናያለን። ከአንዲት ዛፍ ብቻ የተለቀመ ዘርም ሁሉም ወንድማማች ነው፤ አንድ በሽታ ወይም አንድ ድርቅ አብሮ ይጨርሰዋል። ቢቻል ከ30 የማያንሱ እናት ዛፎች፣ በመካከላቸው 50 ሜትርና ከዚያ በላይ ርቀት እየተጠበቀ፣ ከእያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት ይለቀም። ቃርሚያው ለወፎች ይቅር፤ ወይራን የሚዘሩልን እነርሱ ናቸውና።

ጠባያቸውም ይለያያል። የጥቁር እንጨት ዘር በመጋዘን አይቆይም፤ ሥጋው ታጥቦ ቶሎ መዘራት አለበት። የግራር ዘር በደረቅ ቦታ ዓመታት ይቆያል፤ ቅርፊቱ ካልተፋቀ ግን ውሃ አይገባውም።

ዝናቡ ጊዜውን እየሳተ፣ ሙቀቱም እየጨመረ ስለሆነ የአካባቢው ዘር ብቻ ይበቃል ወይ? ዛሬ የምንተክለው ጽድ የልጅ ልጆቻችንን ሙቀት መቻል አለበት። ስለዚህ አብዛኛውን ከቅርብ፣ ጥቂቱን ደግሞ ትንሽ ዝቅ ካለውና ሞቅ ካለው ቦታ እንቀላቅላለን። ትንሽ ዝቅ ካለው እንላለን እንጂ ከቆላ አንልም፤ ውርጩ ገና አልቀረም።

እናቶቹ የት አሉ? በደቡብ ጎንደርና በአካባቢው የቀረው የጥንቱ ደን በአብዛኛው ያለው በኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ ነው። ያንን ደን ያቆየነው እኛ ወንጌላውያን አይደለንም። ስለዚህ ካህናቱን አስፈቅደን፣ እንደ እንግዳ ሆነን እንገባለን፤ ከምናፈላውም ችግኝ ለግቢያቸው እንመልሳለን። (ባሕር ዛፍን የናቅን አይምሰላችሁ፤ የስንቶቻችን ቤት የቆመው በእርሱ ነው።)

ወዳጆቻችን ሆይ፣ በዚህ ዓመት በምንልክላችሁ ሪፖርት የችግኙ ቁጥር ያንሳል። ቁጥሩ ሲበዛ ደስ እንደሚላችሁ እናውቃለን፤ እኛንም ደስ ይለን ነበር፤ ለዚያ ቁጥር ብለን ነው ሳንጠይቅ የገዛነው። ስጦታችሁ አሁን ለዘር ለቃሚዎች የቀን ክፍያ፣ ለመሰላልና ለጨርቅ ከረጢት ይውላል። የጣቢያ ሠራተኞችም በየከረጢቱ ላይ የቦታውን ስም፣ ከፍታውን፣ የተለቀመበትን ቀንና የእናት ዛፎቹን ብዛት ጻፉ። ያልተጻፈበት ከረጢት ወደ መደብ አይገባም።

በጸሎት ቤታችሁ ግቢ ወይም በእርሻችሁ ዳር ያረጀ ኮሶ፣ ዋንዛ ወይም ዝግባ ካለ፣ ከመቁረጣችሁ በፊት መልእክት ላኩብን።