ከነጋሪቱ በፊት

በመስከረም 1888 ዓ.ም. የዓድዋ ዘመቻ የክተት ነጋሪት ከመጎሰሙ ብዙ ዓመት አስቀድሞ፣ ከሸዋ ሮቢት በስተደቡብ በሚዘረጋው የይፋት ቆላ፣ ከታጁራ ጠረፍ የአፋርን በረሃ አቋርጦ የመጣው ጠመንጃ ፋሬ ላይ ከግመል ጀርባ ይራገፍ፣ ግመልም የአንኮበርን ዳገት አይደፍርምና፣ በበቅሎና በአህያ ተጭኖ ወደ ደጋ ይወጣ ነበር።

መሣሪያ ብቻውን ግን ሠራዊት አያቆምም። የውጫሌው ውል 17ኛ አንቀጽ ከኢጣሊያ ጋር ያስነሣው ክርክር እየከረረ ሳለ፣ በክፉ ቀን ረሃብ የተጎሳቆለው ገበሬ በወታደር ብዝበዛ ዳግመኛ እንዳይጠፋ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1884 ዓ.ም. ለሠራዊቱ ቀለብ የሚውል አሥራት ደነገጉ፤ ይህም፣ በእኔ ኅሊና፣ ከጠመንጃው ይልቅ የሚደነቅ ጥበብ ነው።

በየቤቱም እናቶች ገብሱን ቆልተውና ፈጭተው በሶውን በአቁማዳ ሞሉ፤ ወረኢሉ የከተተው ዘማች የተጓዘው ከዚያ አቁማዳ እየዘገነ ነበር።